አየር ይዟል

መንሱር የጭነት መኪናውን፣ ኤንትሬዋን፣ በገዛ እጁ የፈታት ረቡዕ ከአሱር ሶላት በኋላ ነበር። ሳሪስ አቀበት ላይ ትንፋሽ ስላጠራት ፊልትሮዎቿን አውጥቶ ሊያጸዳ፣ በዚያውም የናፍጣ ቱቦዋን ሊቀይር አሰበ። ለሚስቱ ለላጢፋ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ብሏት ነበር። ይኸው ቅዳሜ ጠዋት ሆኖ አሮጊቷ የጭነት መኪና ግቢው ውስጥ ሆዷን ከፍታ ቆማለች፤ መንሱርም እስከ ክርኑ በዘይት ተነክሯል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርም ትቁም፣ ማን ግድ ብሎት። ዛሬ ግን የኢንቲሳር የሠርግ ዕቃ ኮዬ ፈጬ ወዳለው አዲሱ ቤቷ ይጫናል። ኢንቲሳር አንድ ልጁ ናት። በአምስት ዓመቷ ጋቢና ውስጥ እግሯን እያወዛወዘች፣ «ሳገባ በዚህች መኪና ነው የምሄደው» ብላው፣ እሱም «ወላሂ» ብሎላት ነበር። ልጅቱ ረስታው ይሆናል፤ እሱ አልረሳም። የሙሽራው የሸኪብ ቤተሰቦች ደግሞ ጨዋ ሰዎች ናቸውና፣ «ጋሽ መንሱር፣ አይቸገሩ፤ በአራት ሰዓት አዲስ አይሱዙ እንልካለን» ብለዋል። ይህቺ «አይቸገሩ» የምትባል ቃል እንቅልፍ ነሥታዋለች።

መካኒክ መጥራት ይችል ነበር። ያውም የሃያ ዓመት ወዳጁ መገርሳ ከአጥሩ ማዶ ጋራዥ አለው። ዳሩ ግን አምና መገርሳ ሞተሯን አይቶ፣ «እቺን ለቆራሌው ሽጣት» አለ። መንሱርም ከእንግዲህ የመገርሳ እጅ አይነካትም ብሎ ማለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መንሱር መቼም ወረቀት አይደለም።

ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ ዝም። በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ባለሱቁም፣ ባለጋሪውም፣ ውሃ ቆጣሪ አንባቢዋም አንገታቸውን አስግገው አንድ ቃል ተናገሩ፤ «አየር ይዟል።» ናፍጣው መስመር ውስጥ አየር ከገባ ሞተር አይነሳምና ምክሩ ከንቱ አልነበረም። መንሱር ብሎኑን ያላላል፣ ፖምፓውን በእጁ ይገፋል፣ አረፋው እስኪያልቅ ናፍጣ ያፈሳል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ቁልፉን ያዞራል። ደግሞ ሳል፣ ደግሞ ዝምታ። ስንት ጊዜ እንደደጋገመው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ጣቱ ተላጠ፤ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻው ሞተሩ ሥር አንድ ስርቻ ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ባትሪው ደክሞ የጎረቤት ባትሪ ተዋሰ።

ላጢፋ በበኩሏ ሌላ ጭንቅ ላይ ነበረች።

«ቀዩን ሻሼን ያየ አለ? ረቡዕ አጥቤ ገመዱ ላይ ያሰጣሁትን። ለልጄ ሠርግ ብዬ ያስመጣሁት ነው እኮ።»

«እኔ የማውቀው ሞተር ነው» አላት መንሱር ከሥር ሆኖ።

«እሱንስ መች አወቅከው።»

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መገርሳ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ።

«አልነካም፤ መሐላህን አውቃለሁ» አለ። «ኢንቲሳር ናት የላከችብኝ።»

«አየር ይዟል» አለ መንሱር ፊቱን ሳያዞር።

«እስቲ ቁልፉን አዙረው።»

አዞረው። ሳል፣ ጥቁር ጭስ፣ ዝም።

«ናፍጣማ ጠግባለች፤ ጭሱ የጠቆረው ለዚያ ነው» አለ መገርሳ። «ያጣችው የምትተነፍሰውን ነው። የአየር ቱቦዋን ስትፈታ ብሎን እንዳይገባባት በምን ደፈንከው?»

መንሱር ወደ ልብስ ገመዱ ዞረ። ረቡዕ ዕለት ሳያይ እጁን ዘርግቶ ከገመዱ ላይ የሳበው ጨርቅ ትዝ አለው። ቀለሙም ትዝ አለው። ሦስት ቀን ሙሉ አየር ሲያስወጣላት የከረመው እሱ፣ አየር የከለከላትም እሱ! ቀና ሲል ላጢፋ ከፊቱ ቆማለች፤ ከውጭ ደግሞ የአይሱዙው ጥሩምባ ተሰማና ሸኪብ ከወንድሞቹ ጋር ገባ።

አንድ ማምለጫ ነበረው። «በእናንተው ጫኑ» ብሎ፣ ጨርቁን ማታ ማንም ሳያይ ማውጣት። ሊለውም አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ኢንቲሳር ከቤት ወጣች፤ ማንንም ሳታናግር የኤንትሬዋን ጋቢና ከፍታ የልጅነት ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ በሌላ መኪና አልሄድም» አለችው። «ተማምለናል እኮ።»

የመንሱር ዓይን እንባ ሞላ። ከዚያ በኋላ ማፈር ምን ያደርጋል? ቱቦውን ፈታና በአማቾቹ ፊት፣ በመገርሳ ፊት፣ በላጢፋ ፊት ሻሹን እንደ በግ አንጀት ጎትቶ አወጣው። ቁልፉን አዞረ። ኤንትሬዋ አንድ ጊዜ አስላ አጓራች፤ የግቢው ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ላጢፋ ልትቆጣ ወገቧን ይዛ ነበር፤ የባሏን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ቀደማትና ሊጫን በወጣው የልጇ ፍራሽ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ የአልጋው እንጨት ከኋላ ክንድ ያህል ወጣ።

«ትራፊክ ያስቆማችኋል» አለ መገርሳ፣ እጁ አሁንም ከኋላው ነው። «የወጣ ዕቃ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል።»

ላጢፋ በዘይት የራሰውን ሻሽ ለመንሱር ወረወረችለት። «ለእኔ ነገ ሌላ ትገዛለህ» አለችው። መንሱር ሻሹን ይዞ ትንሽ አሰበና ለመገርሳ ዘረጋለት።

«እንካ፣ እሰረው።»

«መንካት ተከልክያለሁ።»

«እሰረው ስልህ። ከዚያ ጋቢና ግባ፤ መንገድ ላይ ብትቆም ብቻዬን አልችላትም።»

መገርሳ እጁን ፈታ፣ በዓመቱ መኪናዋን ነካት፣ ቋጠሮውንም ሁለት ጊዜ አጠበቀው።