ዝናብ ያወጣቸው ስሞች

ሚዛን ተፈሪ ላይ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ባንክ መንገድን ሲሞላው ቤቶቹ ሲቀርቧቸው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ የባንኩ የድንጋይ ደረጃ፣ ከዚያ የቀኛዝማች አስረስ ባለ ሰገነት ቤት፣ ከዚያ የዙሌይካ ጨርቅ መደብር። ድሮ ከሸዋ ቤንችም ከማጂም የመጣ ቡና የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ግን የቀኛዝማቹ ቤት የመንግሥት ቡና መጋዘን ሆነ፤ ዙሌይካ ወደ ጅማ ሄደች፣ መደብሯም የኅብረት ሱቅ ሆነ። ጥግ ላይ ያለው የማቴዎስ ሆቴል ደግሞ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ሆነ።

እኔ በመጋዘኑ የተበላሸውን ፍሬ የምለይ ቡና ለቃሚ ነበርኩ፤ ከሥራ ስወጣ መሠረተ ትምህርት እማር ነበር።

ለአብዮት በዓል ልጄ ሙሴ የመንገዱን ግድግዳ ሁሉ ኖራ እንዲቀባ ታዘዘ። የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ግን ሊቀመንበሩ ጓድ ፈንታው፣ «ይህንንስ ለማንም አልሰጥም» ብለው ራሳቸው ቀቡት። በግድግዳዎቹ ላይ የተጻፈው የነጋዴዎቹ ስም ሁሉ ጠፋ። መንገዱ እንደታጠበ ነጠላ ነጣ።

በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ዝናብ መጣ። ቀና ብል ከመጋዘኑ እርጥብ ኖራ ሥር ሰማያዊ ፊደል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር። «ቀ… ኛ… ዝ… ማች» አልኩ። ከክፍል ውጭ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። ሕልም ላይ ያለሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሳያልቅ ጓድ ፈንታው ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ አስከትለው መጡ። ሙሴንም ፀጉሩ ኖራ እንደሆነ ከቤት አምጥተውታል።

«የአድኃሪዎችን ስም በበዓል ዋዜማ አውጣ ያለህ ማነው?»

«እኔ አይደለሁም ጓድ። ዝናቡ ነው።»

«ዝናቡ መሠረተ ትምህርት ተምሯል?»

ጠባቂው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ይታሰር!» አሉ።

በዚያ ዘመን ልጇ ሲታሰር ይመለሳል ብላ እርግጠኛ የምትሆን እናት አልነበረችም። ግን የሙሴም የእሳቸውም ኖራ የመጣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ዝናቡም አንድ ነው። ይህን ሳስብ አፌ ቀደመኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የእርስዎንም ግድግዳ እንየው።»

«የእኔን? እትዬ ሎሚ፣ የእኔ ላይ ምን ሊገኝ?»

«ምንም ከሌለ ልጄን ይውሰዱት።»

ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። ሄድን። ጉሙ ውስጥ ሰዎች የኮባ ቅጠል ደፍተው ተከተሉን፤ ፊታቸው አይታይም፣ ቅጠሉ ብቻ የሚሄድ ይመስላል። ጽሕፈት ቤቱ ጋ ስንደርስ ከቀዩ መፈክር ሥር ትልልቅ ፊደላት ወጥተው ቆመዋል። አብራኝ የምትማረው እማዋይሽ ጣቷን ቀስራ ጮክ ብላ ጀመረች።

«የማ… ቴ… ዎስ ሆቴል። ጠጅ… ቢራ… መ… ኝ… ታ አለ!»

ከቅጠሎቹ ሥር አንድ ድምፅ፣ «ጓድ፣ እርስዎንስ ማን ይሰር?» አለ። ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሰዉ ሳቁን ዋጠ።

ጓድ ፈንታው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። «ሁለት ጊዜ ደርቤ ነው የቀባሁት» አሉ ቀስ ብለው። ዝናቡ በራሳቸው ላይ ይወርዳል። መዳፋቸውን አዩና ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት።

«ኖራው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሲደርቅ ጽሑፉ ይጠፋል። ልጁን ልቀቀው።»

የሙሴን እጅ ይዤ በመንገዱ ወረድን። ኖራው ጣቶቼ መካከል ይሟሟል። በግራም በቀኝም ቤታቸውን ትተው የሄዱ ሰዎች ስም ከግድግዳው ወጥቶ ያየናል።

«እማ፣ እጄን ልቀቂኝ እንጂ፤ ሰው ያያል» አለኝ።

አልለቀቅኩትም።