ልጄ የጣለችው በቆሎ

ዕድሜዬን ሙሉ ሻጋታ ሳባርር የኖርኩ የእህል ነጋዴ ነኝ። ልጄ ደግሞ ተምራ ተምራ ሻጋታ ታረባለች። ጠርሙስ ውስጥ ሩዝ ትጨምርና ሻጋታ ትዘራበታለች፤ እንዳይበርደው ሙቀቱን ትጠብቃለች፣ እንዳይጓጉል ጠዋት ማታ ትነቀንቀዋለች። ለእኔ እንኳን እንዲህ ተጨንቃልኝ አታውቅም። «ሻጋታው የሚያወጣውን መርዝ ራሴ ካላመረትኩ፣ እህል ላይ ያለውን ከምን ጋር አስተያይቼ እለካዋለሁ?» ትላለች።

በቀደም ለሕፃናት ምግብ ፋብሪካ አንድ መኪና በቆሎ አስገባሁ። ውሉን ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንቻለሁ። ናሙናው ልጄ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ሄደ፤ በቁጥር እንጂ በስም ስለማይላክ የማን እንደሆነ አታውቅም። ወደቀ ተባልኩ። በእጄ ዘግኜ፣ አሽትቼ፣ በጥርሴ ሰብሬ የገዛሁት በቆሎ ወደቀ ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ተነስቼ ላቦራቶሪው ድረስ ሄድኩ።

ቁጥሩን ስነግራት የልጄ ፊት ልውጥ አለ። ወደ አንድ ጨለማ ክፍል ይዛኝ ገባችና ጠፍጣፋ መስታወት ሐምራዊ መብራት ሥር አስቀመጠች። በስተግራ እሷ ያመረተችው መርዝ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ያበራል። አጠገቡ፣ እኩል ከፍታ ላይ፣ ከእኔ በቆሎ የወጣው ነጥብ ያበራል፤ ያው መርዝ ነው ማለት ነው።

«በዓይን ሲያዩት እኮ ንጹሕ ነው» አልኳት።

«አዎ፣ እማዬ። ዓይን አያገኘውም። የሚያገኘው ጉበት ነው።»

አለቃዋ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። አዘነልኝ መሰለኝ፣ «እናታችን፣ ከደህናው ጆንያ ሌላ ናሙና እናስወስድ፤ ያልፍ ይሆናል» አለ።

ልጄ ወደ እኔ አላየችም። «ናሙናው ከሁሉም ጆንያ ተወስዷል። መርዙ አንድ ጥግ ላይ ነው የሚደበቀው፤ ደህናውን መርጬ አልለካም» አለችው። ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም።

ለጠብ ነበር የሄድኩት። እዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን ደረቴ በኩራት ተነፋ። ይቺን የወለድኳት እኔ ነኝ። «ልክ ናት» አልኩት አለቃዋን። «በቆሎው ይቃጠል።»

ውሉ ቀረ። ፋብሪካው በር ላይ ወደ ማቃጠያ የሚሄደውን በቆሎዬን ሳስጭን ዘበኛው ከንፈሩን መጠጠ። «ልጅዎ ላቦራቶሪው ትሠራ የለ እንዴ? ምናለ ብታግዝዎት?»

«አግዛኛለች» አልኩት። «የጣለችው እሷ ናት።» ተሰልፈው የሚጠብቁት ሾፌሮች ሁሉ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።