በዋንዛው ውስጥ ያለችው ግመል

በቀትር ድሬዳዋ በሯን ትዘጋለች። ሱቆች ይቆለፋሉ፣ ባጃጆች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ ሰው ሁሉ ፀሐይዋ እስክትበርድ ይጋደማል። የሃሌሉያ ቀን የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። አክስቷ እቴቴ ቦጋለች ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ድብን ብላ የምትተኛው በቀትር ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ገልብጪኝ፣ አጠጪኝ እያለች ትጣራለች።

«ሃሌ፣ ጎኔን!»

«ሃሌ፣ ውሃ!»

«ሃሌ፣ በሩ ላይ ያለፈው ማነው?»

ጎረቤት ልርዳሽ ቢላት «የሰው እጅ አልለመድኩም» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሃሌሉያ ከዳቦ ቤቱ አልፋ የማትሄድ ሴት ሆነች።

ከመኝታ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ዕቃ ቤት የቅርጽ መጋዟ ተቀምጣለች። ታይዋን ከሚባለው የከተማው ገበያ የገዛቻት፣ ክር የመሰለ ምላጯ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ትንሽ ማሽን ናት። መጀመሪያ ለጊዜ ማሳለፊያ ነበር፤ የቁልፍ መያዣ፣ የልጆች መገጣጠሚያ፣ የግድግዳ ጌጥ ትሠራባት ነበር። ድምጿን እንዲውጥ ከሥሯ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አንጥፋለች። ያም ሆኖ በግድግዳ የሚዋሰናቸው ዋይስ፣ ሌሊት በፋብሪካ ሠርቶ ቀን የሚተኛው፣ ሁልጊዜ ይሰማዋል።

መጋላ ገበያ ውስጥ የእንጨት ጌጥ የምትሸጠው ኢስታር ከሃሌሉያ የቁልፍ መያዣዎች አንዱን ሰው እጅ ላይ አይታ አስጠራቻት።

«ጠፍጣፋውን ማንም ይቆርጠዋል» አለቻት። «ከአንድ ጉማጅ የወጣች፣ በአራት እግሯ የምትቆም ግመል አምጪልኝ። ከቆመች ከሱቁ ጀርባ ወንበር አለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ትሠሪያለሽ። ቅዳሜ ማታ ጅግጅጋ እሄዳለሁ። እስከዚያ ካልመጣሽ ሌላ ሰው እይዛለሁ።»

እንዲህ ያለች ግመል ሁለት ጊዜ ትቆረጣለች። በዋንዛው ጉማጅ አንደኛው ገጽ ላይ የግመሏ የጎን መልክ፣ በአጠገቡ ባለው ገጽ ላይ የፊት መልኳ ይለጠፋል። መጀመሪያ የጎኑ ይቆረጣል። ከዚያ የወጣው ትርፍ ሁሉ ወደየቦታው ተመልሶ ዙሪያውን በፕላስተር ይታሰራል፤ ጉማጁ ዳግመኛ ድፍን ይሆናል። ያኔ ተገልብጦ የፊቱ ይቆረጣል። ትርፉ ካልታሰረ ምላጩ ሥር ይንሸራተታል፤ ምላጩም እግር ይበላል።

ሃሌሉያ ዓርብ ቀትር ላይ የጎኑን ቆርጣ ጨረሰችና ጠቅልላ አሰረችው። ማታ እቴቴ ቦጋለች እጇን ዘረጋች። ባሏ ኃይለጊዮርጊስ በሕይወት ሳለ የምድር ባቡር አናጢ ነበር።

«እስቲ ላሽትተው» አለች። «የሱ ልብስ እንዲህ ነበር የሚሸተው።»

ሃሌሉያ ጉማጁን ሰጠቻት፤ እዚያው ራስጌዋ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ገዝታ ስትመለስ ፕላስተሩ ተልጦ፣ ትርፍራፊው አንሶላው ላይ ተበትኖ አገኘችው።

«ውስጧን ልያት ብዬ ነው» አለች እቴቴ፣ ዓይኗን ከጣሪያው ሳትነቅል።

ሃሌሉያ ትርፍራፊውን ከአንሶላው ላይ ለቀመች። ቤት ውስጥ የነበረው ፕላስተር አልቋል። አክስቷን አጥባ፣ አብልታ፣ አንሶላ ቀይራ እስክትወጣ ድረስ ቀትር ሆነ። የሰፈሩን ሱቅ መዝጊያ ብታንኳኳ ባለሱቁ ከተጋደመበት «ኧረ አቦ፣ ሰው ይተኛ!» አላት። ሌላው ሁሉ ተቆልፏል። መንገዱ ላይ ከእሷ ሌላ የቆመ ሰው አልነበረም። ሱቅ እስኪከፈት ብትጠብቅ ደግሞ እቴቴ ትነቃለች።

ተመለሰች። ትርፉን አንድ በአንድ ወደየቦታው ከተተችና ጉማጁን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘችው። ማብሪያውን በክርኗ ተጫነችው።

ምላጩ ዋንዛው ውስጥ ገባ። ጣቷን ብታላላ ሁሉም ይበተናል። ላቧ ከቅንድቧ ወደ ዓይኗ ወረደ፤ ልትጠርገው አልቻለችም።

ግድግዳው ተደበደበ። «ሃሌ! ወላሂ ዛሬ ማሽንሽን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነው የምጥለው!»

በዚህ እቴቴ ነቃች።

«ሃሌ፣ ጎኔን!»

«ትንሽ ጠብቂኝ፣ እቴቴ!»

ይህን ቃል በዚያ ቤት ተናግራው አታውቅም።

«ጎኔን አልኩሽ እኮ! ተቃጠልኩ!»

«እጄን መልቀቅ አልችልም! ትርፉ አልታሰረም!»

የአናጢ ሚስት ለነበረች ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም።

የግቢው በር ተንጓጓ። ዋይስ በሽርጡ፣ በእንቅልፍ ባበጡ ዓይኖቹ ገባ።

«ዋይስ፣ አንተ ነህ?» አለች እቴቴ።

«እኔ ነኝ። ዛሬ ግን አቦ፣ እቴቴ...»

«ጩኸቱን ተውና ና ገልብጠኝ።»

«እኔ?»

«እዚህ ከተማ አሁን የነቃ ሌላ ሰው አለ? ና፣ አትፍራ። የምሰበረውን ያህል ተሰብሬያለሁ።»

ሃሌሉያ አልጋው ሲንቋቋ፣ አክስቷ በባዕድ እጅ ሥር ስታቃስት ሰማች። እግሯ ሊሮጥ ፈለገ። ጣቶቿ ግን ዋንዛው ላይ ነበሩ፣ ምላጩም በግመሏ የፊት እግሮች መካከል ነበር። አልለቀቀችም።

ምላጩ ወጣ። ማሽኑን አጠፋችና እጇን ገለጥ ስታደርግ ትርፉ ወዲያና ወዲህ ተንከባለለ። ከመሀሉ ግመሏ ወጣች። አንደኛው እግሯ ቀጥኗል፤ ምላጩ እዚያ ጋ ሸሽቶ ነበር።

ወስዳ እቴቴ ራስጌ ያለችው ጠረጴዛ ላይ አቆመቻት። ግመሏ ተወዛወዘች። ቀጥ አለች።

«ታነክሳለች» አለ ዋይስ።

«ቆማለች» አለች እቴቴ። ግመሏን አተኩራ አየቻት። «አውቄ ነው የላጥኩት፣ ሃሌ።»

«አውቃለሁ።»

«ሂጂ በይ፣ ኢስታር ሳትሄድብሽ።»

ዋይስ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አየ። «ሰኞ ሃሌ ሥራ ስትገባስ ማን ነው የሚገለብጣት?»

«እንቅልፍ የለኝም እያልክ ስታለቅስ የነበርከው አንተ አይደለህ? ከነቃህ አይቀር ና» አለችው እቴቴ።

ሃሌሉያ ግመሏን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ጣቶቿ ጨምቀው እንደያዙ ደርቀዋል፣ አልዘረጋ አሏት፤ የግቢውን በር በክርኗ ከፈተችው። ከሩቅ የመጀመሪያው ሱቅ መዝጊያ ሲነሳ ተሰማ። አንድ እግሯን መንገዱ ላይ አሳረፈች።

«ሃሌ!»

ባለችበት ቆመች።

«በሩን ዝጊው» አለች እቴቴ ከውስጥ፤ «ሙቀት ይገባል።»