አዞዋ የዋጠችው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዚያ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ምግብ አያውቅም። ጥርስ ሠሪው በሥራ ቀን የሰው ጥርስ ይሠራል፤ ቅዳሜ ደግሞ በተረፈው ጄሶ በረሃና ፒራሚድ ያቆማል። ከአውራ ጣት የማይበልጡትን የግብጽ ወታደሮቹን አንድ ፀጉር ብቻ ባላት ብሩሽ ዓይናቸውን ይኩላል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከባሕር የመጡትን ወራሪዎች ትመራለች፤ ሰው ፊት የምታከብረውን ባሏን ጠረጴዛው ላይ አትምረውም። ትልቋ ልጃቸው ሠረገላ ትገጣጥማለች፤ ወታደሩ እንዳይወድቅም እግሩ ሥርና የሠረገላው ወለል ላይ ትናንሽ ማግኔት ትለጥፋለች።

የሦስት ዓመቷ ትንሿ ግን ጦሩን በክንዷ እየጠረገች አላጫውት ስትል ቤተሰቡ መክሮ ሹመት ሰጣት፤ አዞ አደረጋት። ወንዝ ሲሻገር ዳይሱ አንድ የወጣበት ወታደር ለእሷ ይሰጣል። አፏን ከፍታ «ሃም!» ትላለች፣ ይጨበጨብላታል፣ ወታደሩን ካርቶን ውስጥ ትጥለዋለች። ቤቱ ሰላም ሆነ። አባትየው በዚህ ብልሃቱ ከመኩራቱ የተነሣ ጥርስ ሊያስለካ ለመጣ ሰው ሁሉ ያወራው ነበር፤ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም።

አንድ ቅዳሜ ፈርዖን ራሱ አንድ ወጣበት።

«አይዞህ የኔ ጌታ» አለች ሚስቱ፤ «መቃብሩን እንደሆነ አስቀድመህ ሠርተህለታል።»

አዞዋ ንጉሡን ከነሠረገላው ተቀበለች። ሃም አለች። አጨበጨቡ።

ጨዋታው ሲያልቅ አባትየው ንጉሡን በወረንጦ ከካርቶኑ አወጣና ሠረገላው ላይ ሊያቆመው ሞከረ። ንጉሡ ተደፋ። ገልብጦ አየው፤ እግሩ ሥር የነበረችው ማግኔት የለችም። የሠረገላው ወለል ላይ ያለችው ጓደኛዋም የለችም።

«አዞዬ፣ እዚህ ጋ የነበረችው ጥቁር ነገርስ?»

«በላኋት።»

«በጨዋታ ነው የእውነት?»

«ሃም አልኳት» አለችና ጭብጨባዋን ጠበቀች።

«ስንት?» አለች እናትየው፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ።

ትንሿ አሥሩንም ጣቶቿን ዘረጋች።

አባትየው ወረንጦውን ኪሱ፣ ልጅቱን ብብቱ ከትቶ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። እናትየው አንድ እግሯን ነጠላ ጫማ፣ አንዱን ሌላ አድርጋ ተከተለችው። ትልቋ ቤቱን ልትፈትሽ ቀረች።

ራጁ ላይ፣ ከጎድን አጥንቶቹ በታች፣ አንዲት ነጭ ክብ ነገር ትታያለች። ሐኪሟ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አንድ ብቻ ከሆነች ራሷ ትወጣለች። ሁለት ከሆኑ ግን አንጀቱን መሃል አስገብተው ከተሳሳቡ ይበሱታል። እንዲያ ከሆነ አሁኑኑ በማደንዘዣ አስተኝተን በቱቦ ማውጣት አለብን። ከጎን ራጅ ሳነሣት ስለተወራጨች ልኩ አልጠራልኝም፤ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ትሆናለች። የእናንተ ማግኔት ውፍረቱ ስንት ነው?»

የፈርዖን ሠረገላ መንኮራኩር ስንት ዘንግ እንዳለው ያልተጠየቀውን የሚያስረዳው አባት፣ ባለ አንድ ሚሊውንና ባለ ሁለቱን አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ደባልቆ ኖሯል። አንድ ወፍራም? ወይስ ሁለት ቀጫጭን?

«ሁለቱም አለን» አለ።

ሚስቱ ልጅቱን ከእቅፉ ወስዳ ጀርባዋን ሰጠችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ስልኩ ጮኸ፤ ትልቋ ናት። «አባዬ፣ ሌሎቹን ሠረገሎች በሙሉ ገልብጬ አየሁ፤ አልጎደሉም። ወለሉ ላይም ምንም የለም።»

«የንጉሡ እግር ላይ የትኛዋን ነበር ያደረግሻት?»

«ወፍራሟን። በቀጭኗ አልቆም ሲል እግሩ ሥር ያለውን የማግኔት ጉድጓድ አጥልቄ ቆፈርኩት። የሠረገላው ቀጭን ናት። እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

«ታዲያ ቀጭኗ የታለች?»

«ወረንጦውን አይተኸዋል? ማግኔት ሲጠፋ ሁሌ እሱ ላይ ነው የምናገኘው።»

ሚስቱ እጇን ኪሱ ውስጥ ሰዳ ወረንጦውን ራሷ አወጣችው። ከወረንጦው ጫፍ ጀርባ፣ ንጉሡን ከካርቶኑ ባወጣበት ጫፍ፣ አንዲት ስስ ጥቁር ነገር እንደ መዥገር ተጣብቃለች።

ሐኪሟ ደጋግማ አየቻትና ምስሉን አየች። «እንግዲያው ሆዷ ውስጥ ያለችው አንዷ ናት። ሂዱ። ቁርጠት ወይ ትውከት ካያችሁ ግን በሩጫ ኑ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ትንሿ ባስነጠሰች ቁጥር ሁለቱም ከወንበራቸው ብድግ ይሉ ነበር። ጥርስ ሠሪው የሰው ጥርስ በማየት ፋንታ ፖፖ ሲመረምር ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ወፍራሟ ወጣች፤ በወረንጦው ብዙ የወርቅ ጥርስ ይዟል፤ እንደ እሷ በክብር የያዘው ግን የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማግኔት የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ ሁሉም ሙጫ ሆኗል። አዞዋም ከሥልጣኗ ወርዳ የፒራሚዱ ዘበኛ ተብላለች። የእናትየው ወራሪዎች አለቃ ወንዙ ዳር ደረሰ፤ ዳይሱ ተንከባለለና አንድ ላይ ቆመ።

ትንሿ ከወንበሯ ላይ አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፈተች፤ ከፍታም አንድ በአንድ እያየቻቸው ጠበቀች። እናትየው አለቃዋን በጡጫዋ ውስጥ ጨበጠችው። አጨብጫቢ አልተገኘም።