የሐውልቱ ቦይ

የጡረተኞች ማኅበር አባላት በዋና ከተማዋ ሦስት ሙዚየሞችን ጎበኙ። ከአባላቱ የአንዱ ጡረተኛ ግንበኛ ሚስት ግን ሁሉንም ያየችው ለይስሙላ ነበር። የመጣችው ባሏ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ያላትን ሐውልት ለማየት ነው። ይህን ለጎረቤትም ለልጆቿም ሠላሳ ዓመት ስታወራ ኖራለች፤ አውቶቡሱም ገና ሳይንቀሳቀስ ለተሳፋሪው ሁሉ አዳርሳዋለች።

ከሐውልቱ ሥር ሲደርሱ አስጎብኚዋ፣ «ድንጋዩን ጠርበው ያቆሙት ከባሕር ማዶ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው» አለች።

«ግንበኛው፣ ባሕሩን በየት በኩል ተሻገርከው?» ሲል አንዱ ጡረተኛ ተረበው። ሁሉም ሳቁ።

ግንበኛው ሚስቱን ክንዷን ይዞ ገለል አደረጋትና በሐውልቱ ዙሪያ የተነጠፈውን የውሃ መውረጃ ቦይ አሳያት።

«የእኔ ይሄ ነው።»

«ቦዩ ብቻ? ታዲያ ለሰው ሁሉ ስለፈልፍ ዝም ብለህ ታየኛለህ?»

«አንዴ ከአፌ አመለጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ ደስታሽን መንጠቅ አቃተኝ።»

ጎንበስ ብላ የቦዩን ድንጋዮች መጋጠሚያ በጥፍሯ ሞከረችው፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አላገኘችም። የጠዋቱ ዝናብ አንድም ቦታ ሳያቁር በቦዩ ኩልል እያለ ይወርዳል።

ፎቶ የሚያነሣው ሾፌር፣ «እትዬ፣ ወደ ሐውልቱ ጠጋ በሉ እንጂ!» አላት።

«እኛን እዚሁ አንሣን፤ ቦዩ በደንብ ይታይ» አለችው። ከዚያም ባሏን በክርኗ ጎሰም አድርጋ፣ «አንተም ቀና በል። ቤት ስንገባ ግን እንነጋገራለን» አለችው።