አንድ እጅ

አብዱልሰመድ በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ ተጋድሞ ጥርሱን ነከሰ። ቀኝ ጆሮውን በወስፌ የሚወጉት ያህል አመመው፤ እጁን ግን አላነሳም። ሞቼ እገኛለሁ አለ በልቡ፤ የትናንቱ ይበቃዋል።

ትናንት የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ስኳር ያቆሰለው እግሩ አገሩ ሮቢት ላይ አልድን ቢል፣ "ከመቆረጡ በፊት ይሞከር" ተብሎ ነው አዲስ አበባ የመጣው። ቁስሉ እንዲድን ኦክስጅን በግፊት የሚሰጥበት ሣጥን ሲዘጋ፣ ነርሷ ሕይወት "ጋሼ፣ አየሩ ሲጫንዎት ምራቅዎን ይዋጡ። ጆሮዎን ካመመዎት እጅዎን ያንሱ፤ ወዲያው አቆማለሁ" ብላው ነበር። እሱ ደግሞ ማሽኑ ገና ከመጀመሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያዘ። ልጅቷ አመመው ብላ ደንግጣ አጠፋችው፤ ሐኪሙም እየሮጠ መጣ። "ኧረ ወላሂ ዱዓ ላይ ነኝ!" ሲል ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። ወይ አብዱልሰመድ! ገበያ ላይ የሽንኩርት ነጋዴ ሁሉ የሚፈራው ሰው በሳቅ ተሸነፈ።

ዛሬ ሲወጣ ግማሽ ዓለሙ ተደፍኗል። ሐኪሙ ጆሮውን በባትሪ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ታምቡሩ ደም ቋጥሯል። ደግነቱ አልተቀደደም። ለምን ዝም አሉ?"

አብዱልሰመድ በሩ ማዶ ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች ሰረቅ አድርጎ አየ።

"እስኪሻልዎት ጥቂት ቀን እንረፍ። እንደገና እንዲህ ከሆነ ግን ሕክምናውን ማቆማችን ነው።"

ማቆም ማለት መቁረጥ ነው። አብዱልሰመድ በፋሻ የተጠቀለለውን እግሩን አየና ፈራ።

ባለቤቱ ዙሀራ ሐኪሙ እስኪወጣ ጠበቀች።

"አንተ የሙሀባ አባት! የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ 'ጆሮዬ ተደፈነ' እያልክ ሹፌሩን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተኸው አልነበር? ዛሬ ምን አፍህን ዘጋው?"

"እንደገና ይሳቁብኝ?"

"ይሳቁ! እኔ እግርህ ተቆርጦ ከማለቅስ እነሱ ይሳቁ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?"

"ዱዓዬንስ የት ልጣለው?"

ዙሀራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አላህ እጅህን ባታነሳም ይሰማሃል። ይቺ ልጅ ግን እጅህን ካላየች በምን ታውቃለች?"

አብዱልሰመድ አንገቱን ደፋ። እውነቷን ነው።

ከቀናት በኋላ ሐኪሙ ፈቅዶለት ተመልሶ ገባ። አየሩ መጫን ጀመረ። ምራቁን ዋጠ፤ ግራው ጆሮ ተከፈተ። ደግሞ ዋጠ፤ ቀኙ እምቢ አለ። ያ የወስፌ ሕመም መጣ። ከመስተዋቱ ማዶ፣ ያን ቀን ከሳቁት ሁለቱ ተቀምጠው ያዩታል።

"ያ አላህ" አለ በከንፈሩ። ግራ እጁን ጭኑ ሥር ሸጎጠና ቀኙን ብቻ አነሳ።