የቅጽ ሰባት አራተኛ ዓምድ

የፋይናንስ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ሠራተኞች በሙሉ «መቀሱ» ይሉታል። ፊት ለፊቱ አይሉትም፤ እሱ ግን ያውቃል፣ እነሱም እንደሚያውቅ ያውቃሉ፣ ተቻችለው ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበጀት ጥያቄ እያነበበ፣ ትርፍ ነው ያለውን እየቆረጠ፣ ቀሪውን ለኮሚቴ ሲያሳልፍ የኖረ ሰው ነው። ክፉ እንዳይመስላችሁ። የቢሮ እስክሪብቶ እንኳ ቤቱ ይዞ ገብቶ አያውቅም፤ አንድ ነገር ደግሞ በዓይኑ ሳያይ አይቆርጥም። የድልድይ በጀት የቆረጠ ጊዜ ድልድዩ ድረስ ሄዶ፣ ወንዙን አይቶ ነው የተመለሰው።

በታላቅ እህቱ ቤት ግን ሌላ ስም አለው። እሷ «ጩጬ» ነው የምትለው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ መሃል አናቱ በራ ሆኖ፣ አሁንም ጩጬ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት፣ እሷ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ በልብስ ስፌት መኪናዋ አሳደገችው። የትምህርት ቤት ሱሪውን ስትሰፋ ሁልጊዜ ከታች አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ትተዋለች፤ እሱ ሲመዘዝ እሷ እየፈታች ታስረዝማለች። አንዱ ሱሪ ሦስት ክፍል አብሮት ያልፍ ነበር። እሱም እሷን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ እታለም ናት።

እሁድ እሁድ ምሳ የሚበላው እሷ ዘንድ ነው። ያን እሁድ ያመጣው ወሬ የሴቶች ጤና ፕሮግራሙ ነበር። መንግሥት ከሦስት ዓመት በፊት ሴቶች የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ በነጻ እንዲያገኙ ገንዘብ መድቦ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ይቀጥል ወይስ ይቋረጥ የሚለውን አስተያየት ጽፎ ሐሙስ ለኮሚቴው የሚያቀርበው ደግሞ እሱ ነው።

«መቋረጡ ነው» አለ ሹካውን አስቀምጦ። «ምርመራው ራሱ ባልከፋ። ግን እሱ ከተጀመረ ወዲህ የሆስፒታሉ የካንሰር ሕክምና ወጪ በየዓመቱ ጨምሯል። ወጪ ይቀንሳል ተብሎ የመጣ ፕሮግራም ጭራሽ ሌላ ወጪ ጎትቶ መጣ።»

እታለም ሳህኑ ላይ ጨመረችለት።

«ሴቶቹስ?»

«የትኞቹ ሴቶች?»

«የሚመረመሩት ናቸዋ።»

«እነሱማ እንደ ድሮው ሲያማቸው ሆስፒታል ይሄዳሉ።»

እሷ ምንም አላለችም። እታለም ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ የጎረቤት ድመት እንኳ ሳትመክር አታሳልፍም። ዝምታዋን ልብ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

ማክሰኞ ቅጽ ሰባትን አውጥቶ መሙላት ጀመረ። ቅጽ ሰባት በቢሮው ውስጥ የማንኛውም ፕሮግራም ዕድል የሚወሰንበት ወረቀት ነው፤ ሦስት ዓምድ አለው፣ ለሦስት ዓመት። አዲስ የሚቀጠሩት «ለምን ሦስት?» ብለው ሲጠይቁ ነባሮቹ «ሳይንሳዊ ነው» ብለው ያልፋሉ። እውነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ቅጹን የሠራው እሱ ነዋ። ያኔ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበር፤ ቢሮው ደግሞ የነበረው አንድ የጽሕፈት መኪና ነው፣ መኪናው ከሦስት ዓምድ በላይ የሚሆን ወረቀት አያስገባም። ሦስት ዓምድ መታበት። መኪናው ከተጣለ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ቅጹ ግን አለ።

ሦስቱን ዓምዶች ሞላ። ወጪ፣ የበለጠ ወጪ፣ ከዚያም የበለጠ ወጪ። አስተያየቱን ከመጻፉ በፊት እንደ ልማዱ በዓይኑ ሊያይ ረቡዕ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ።

የምርመራ ክፍሉ በረንዳ ላይ ሁለት ረጅም አግዳሚ ወንበሮች ነበሩ፤ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተቀምጠውባቸዋል። አንዷ ሕፃን ታባብላለች፣ ሁለቱ በስልክ የሆነ ፎቶ እያዩ ይሳሳቃሉ። ከጫፍ ሦስተኛዋ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። መርፌውን የያዘውን እጅ ከፊቷ በፊት አወቀው። በልጅነቱ ትኩሳቱን ሲለካ የነበረ እጅ ነው።

«መጣህ?» አለችው እታለም፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ምሳ የጠራችው ነው የምትመስለው።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ተራዬን እጠብቃለሁ። ቁጭ በል፣ ሰው ከለልክ።»

ቁጭ አለ። 

«ያገኙብኝ አምና ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሽምብራ ፍሬ የምታህል እብጠት፣ ጡቴ ላይ። አወጧት፣ በሦስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። አሁን በየስድስት ወሩ ያዩኛል፣ ሌላ ነገር የለም።»

«አክስታችን ዘንድ ሄጃለሁ ያልሽኝ ሳምንት…»

«አልዋሸሁህም። አክስታችን ሆስፒታል አጠገቤ ነበረች፣ እያስታመመችኝ።»

«እንዴት አትነግሪኝም?»

«ጥርስህ ሲነቀል ሳምንት ያለቀስክ ልጅ ነህ።»

«የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ እኮ፣ እታለም።»

«ታዲያ ምን ለውጥ አለው?»

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። እሁድ ያወራው ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለው፤ «እንደ ድሮው ሲያማቸው ሆስፒታል ይሄዳሉ» ያለው፣ ያውም እሷ ያቀረበችለትን እየጎረሰ። አፈረ። ከማፈሩ በላይ ደግሞ ፈራ፤ እሷ የሌለችበት እሁድ ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ውል አለው።

«እሁድስ ለምን ዝም አልሽኝ?» አለ።

«ሥራህ ነዋ። የሰው ልብስ ስቆርጥ ክርኔን ከነካኸኝ እንዴት እንደምቆጣህ ታውቃለህ። እኔም ክርንህን አልነካም ብዬ ነው። ዛሬም አልነካህም፤ በእኔ ምክንያት አንዲት ቃል እንዳትቀይር።»

ተራዋ ደርሶ ገባች። ስትወጣ የመረመረቻት ሲስተርም አብራት ወጣች፤ እሱም ወንድሟ መሆኑንና ከፋይናንስ ቢሮ መምጣቱን ነግሯት ጥያቄውን አቀረበ። ምርመራው የሚረዳ ከሆነ የሕክምናው ወጪ ለምን ጨመረ?

«ቤት ሲጠረግ መጀመሪያ አቧራው አይደል የሚነሳው?» አለችው ሲስተሯ። «ለዓመታት ሳይታወቅባቸው የኖሩት ሁሉ በአንዴ ተገኙ፤ ሁሉም መታከም አለባቸው። ግን እንደ እህትዎ ያለችው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ቤቷ ትገባለች። ድሮ የሚመጡት ሲብስባቸው ነበር፤ ወራት ይተኛሉ፣ ወጪው አምስት እጥፍ፣ ያውም አብዛኞቹን ላናድናቸው። እነዚያ እየቀነሱ ነው። ወጪው ላይ የሚታየው ግን በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት ነው።»

«ቅጹ ሦስት ዓመት ብቻ ነው ያለው።»

«ማነው እንደዚህ አድርጎ የሠራው?»

መቀሱ ወደ እታለም ዞረ። እታለም የሐኪም ጽሑፍ አልገባ ብሏት የቀጠሮ ካርዷን እንዲያነብላት ሰጠችው። ቀኑን አየ። ከስድስት ወር በኋላ ነው። በእሱ ቅጽ ላይ ቦታ በሌለው በአራተኛው ዓመት ውስጥ ነው።

ቢሮ ተመልሶ የሆስፒታሉን የአሥር ዓመት መዝገብ አስመጣ። ታመው ሲብስባቸው የመጡትን ሴቶች ቁጥር፣ የተኙበትን ቀን፣ የወጣባቸውን ገንዘብ ለቀመ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ቆርጦ ቅጽ ሰባት ጫፍ ላይ በሙጫ ለጠፈና ሁለት ዓምድ ጨመረ። በስሌቱ መሠረት ወጪው አራተኛው ላይ መጨመሩን ያቆማል፣ አምስተኛው ላይ መውረድ ይጀምራል። ከሁሉም በላይ፣ ከርዕሱ አጠገብ፣ በእጁ አንድ መስመር ጻፈ፦ «ያሳደገችኝ እህቴ ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት፤ ስሌቱን ሌላ ባለሙያ ያጣራው።»

የክፍል ኃላፊዋ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ፋይሉን ገና እንዳወቁ ለሌላ ሰው ማስረከብ ነበረብዎት» አለች።

«ልክ ነው። አሁን አስረክባለሁ። ግን የሚያጣራው ሰው በሦስት ዓምድ እንዳያጣራው።»

«ሦስት ዓመት ሳይንሳዊ ነው ይባል የለም እንዴ?»

«ሳይንሳዊ አይደለም። የጽሕፈት መኪናው ነው» አለና ነገራት። ለሠላሳ ዓመት ለማንም ያልተናገረውን ነው የነገራት። ኃላፊዋ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ በሦስት ዓምድ የተዘጉትን ፕሮግራሞች ማሰብ ጀመረች መሰለኝ፣ ሳቋን ተወችው። እሱም ሲያስብ የዋለው እነሱን ነበር።

ማታውን አምሽቶ ያጣራው ባለሙያ አንድ ስሕተት ብቻ አገኘ፤ እሱም የምርመራው ወጪ ከሚገባው በላይ መሰላቱ ነበር። መቀሱ ለእህቱ ብሎ ዓምድ ሲጨምር እንኳ ማዳላት አልቻለም፤ በእሷው ላይ አከበደ። ኮሚቴው ሐሙስ ተሰብስቦ ፕሮግራሙ ሁለት ዓመት እንዲቀጥል ወሰነ። አምስት ዓመት የጠበቁ ነበሩ። ሁለት ነው የተገኘው።

እሁድ ምሳ ላይ ነገራት። እሷ ትናንት የላከላትን አዲስ ሱሪ እየጨረሰችለት ነበር። «ደግ» አለች ብቻ፣ ግን ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ እስኪያገኝ ሦስት ጊዜ ሳተ። ሱሪውን ተቀብሎ ሲገለብጥ ከታች አራት ጣት እጥፋት አየ።

«እታለም፣ ይኼ ምንድን ነው? በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ደግሞ የት ልደርስ?»

«ትዘገያለህ እንጂ ታድጋለህ» አለችው፣ የቀጠሮ ካርዷን እጁ ላይ እያስቀመጠች። «ለዚህ ቀን ፈቃድ ጠይቅ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ግን እዚያ ሰው ፊት እንዳታለቅስብኝ።»

ማስታወሻውን አውጥቶ ቀኑን ጻፈ። ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው፤ የመጀመሪያው በእንባው ርሶ አልነበብ አለው።